ለዐውደ ርእይ ነዳፊነት ስለ መዘጋጀት

(በአያት ለወጣት ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «አንድ ሰው የሙዚየም ዐውደ ርእይ ነዳፊ ለመሆን ምን መማርና ምን መለማመድ ይገባዋል?» የሚል ነው። ርእሱን የመረጡት ወገኖች የትምህርት ቤቶችን ስምና የመሣሪያዎችን ዝርዝር እንዳቀርብ ጠብቀው ሊሆን ይችላል። እርሱንም በቦታው አነሣዋለሁ። ይሁን እንጂ ሙያው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ዝግጅቱ መናገር፣ የሚሄዱበት አገር ሳይታወቅ ስንቅ እንደ መቋጠር ይሆናልና፣ አስቀድሜ ስለ ሥራው ጠባይ ጥቂት ልበል።

ነዳፊ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ግድግዳ የሚያስጌጥ፣ የመስታወት ሣጥን የሚያሠራና ቀለም የሚመርጥ ሰው ነው። ይህ ሁሉ በሥራው ውስጥ ይገኛል። ዋናው ተግባር ግን ጎብኚው በሩን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደሚያይ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚያመራ፣ በየትኛው ዕቃ ፊት እንደሚቆምና የትኛውን ሳያስተውል እንደሚያልፍ መወሰን ነው። ከዚህም የሚከብደው፣ ከነጭራሹ የማይታየው ምን እንደሆነ መወሰን ነው። የታሪክ ጸሐፊ ሐሳቡን በግልጽ ስለሚጽፍ አንባቢ ሊሟገተው ይችላል። የዐውደ ርእይ ነዳፊ ሐሳብ ግን በዕቃዎቹ ተራና በመተላለፊያው አቅጣጫ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚቀመጥ፣ ጎብኚው ሐሳብ እንደ ቀረበለት እንኳ ሳያውቅ ተቀብሎት ይወጣል። ይህን ያህል ሥልጣን በእጁ የገባ ሰው እንዴት እንደሚገለገልበት ማወቅ አለበት።

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ከተመረቀ በኋላ፣ ተቋሙ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ፣ ሙዚየሙን በማደራጀት ብዙ የደከሙት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሖይናትስኪ ነበሩ። ብዙዎቻችሁ በተማሪነት ዘመናችሁ የጎበኛችሁት የብሔረሰቦች ክፍል ዕቃዎቹ የተደረደሩት በክፍለ ሀገር ወይም በብሔረሰብ ተራ አልነበረም። የተከተለው ተራ የሰውን ዕድሜ ነው፤ ልደትና ሕፃንነት፣ ጉልምስና፣ በመጨረሻም ሞትና ከሞት ወዲያ ያለው።

ይህን አደራደር ስታዩ ነዳፊው የወሰነውን አስተውሉ። ዕቃው በብሔረሰብ ተለይቶ ቢቀመጥ ኖሮ፣ እያንዳንዳችን የየወገናችንን ሣጥን ፈልገን፣ አይተን፣ ረክተን ወይም ተከፍተን እንወጣ ነበር። በዕድሜ ተራ ሲቀመጥ ግን የአንዱ ሕዝብ የሕፃን መታዘያ ከሌላው አጠገብ ይውልና፣ ጎብኚው የማያውቀውን ሰው በሚያውቀው ነገር በኩል ይቀርበዋል። በበኩሌ በአገራችን ከተሠሩት የዐውደ ርእይ ሐሳቦች ይህን የሚስተካከል አላየሁም። ሆኖም ዋጋ ያልተከፈለበት አይደለም። የአንድን ሕዝብ ኑሮ በምልዓት ለማየት የሚሻ ሰው ዕቃውን ከየክፍሉ መልቀም አለበት፤ ዕቃው የተሠራበት ዘመንም ከተራው ሐሳብ በታች ይደበዝዛል። ነዳፊው ይህን ዋጋ አውቆ የከፈለ እንደሆነ ሥራው ሥራ ነው። ሳያውቅ የከፈለ እንደሆነ ግን ገና ተማሪ ነው። (በዚያው ሕንጻ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታና መታጠቢያ ክፍል እንደ ነበረ ተጠብቆ መታየቱንም ልብ በሉ። ቤቱ ራሱ ከዕቃዎቹ አንዱ ሆኗል።)

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ወረድ ብንል፣ በብሔራዊ ሙዚየም ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ድንቅነሽ በአፋር በሐዳር የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው። ለሕዝብ ሲታይ የኖረው ዋናው አጽም ሳይሆን ቅጂው ነው። ዋናው በካዝና ተጠብቆ ይኖራል። በአሜሪካ በሂዩስተን ከጀመረው ጉዞዋ፣ ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም.፣ ብዙ ክርክር መነሣቱ ይታወሳል። ይህን ያህል የሚሰበር ነገር መንቀሳቀስ የለበትም ያሉ ሊቃውንት ነበሩና። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወርም ከሰላም ጋር በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ለሁለት ወር ያህል እንድትታይ ተደርጓል።

እኔ ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ግን የቅጂውን አቀማመጥ ነው። በአምስት ኪሎ ሁለት ቅጂዎች ታይተዋል፤ አንደኛው አጥንቱ እንደ ተገኘው በየስፍራው ተዘርግቶ የተኛ፣ ሁለተኛው የጎደለው ተሟልቶ የቆመ። የተኛው ምን እንደ ተገኘ ይናገራል። የቆመው ደግሞ ሊቃውንቱ ከተገኘው ተነሥተው ምን እንደ ደመደሙ ይናገራል። ማስረጃና መደምደሚያ ጎን ለጎን ቀርበው ጎብኚው ራሱ እንዲያመዛዝን ሲደረግ፣ ይህ ለተመልካች የሚሰጥ ክብር ነው። ከፍታውንም ልብ በሉ። ድንቅነሽ ስትቆም ከአንድ ሜትር ጥቂት ብቻ ትበልጣለች፤ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ለዓይን ይተያያታል። አንድ ነዳፊ ለማግነን ብሎ ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢያወጣት፣ ጎብኚው ስለ እርስዋ ሊያውቀው ከሚገባው ዋና ነገር አንዱን ይነጥቀዋል። ቅጂን ቅጂ ብሎ መጻፍም ግዴታ ነው። ጎብኚው ከወጣ በኋላ ያየው ዋናው አለመሆኑን ከሌላ ሰው ቢሰማ፣ በሙዚየሙ ያየውን ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከባድ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ በጀመረው ባቡር ከዚህ ከአያት ተሳፍራችሁ እስጢፋኖስ ብትወርዱ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። በተረፉትና በሟች ቤተሰቦች ጥረት በ2002 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ሕንጻውን የነደፉት አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ናቸው። በውስጡ የሟቾች ፎቶግራፎች በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽምም በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ለጎብኚዎች ገለጻ ከሰጡት መካከል ራሳቸው በእስር የቆዩ ሰዎች ነበሩበት።

በዚያ ክፍል የቆመ የነዳፊነት ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ያምራልን?» የሚል አይደለም። የሟቹ እናት ወይም እኅት በዚህ በር ብትገባ መጀመሪያ የምታየው ምን ይሆናል? አጽሙን ሳታይ ፎቶግራፉን ብቻ አይታ ለመመለስ ብትሻ መንገድ ተትቶላታልን? የምትቀመጥበት አግዳሚ ወንበር አለን? በእኔ አስተያየት፣ አጽም በሚታይበት ማናቸውም ሙዚየም ጎብኚው ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅበትና «ይብቃኝ» ለማለት የሚችልበት ደፍ ያስፈልጋል። ይህን አስተያየት የማይቀበሉ ባልደረቦች አሉኝ። «ግፉ ለሟቾቹ ደፍ አልነበረውም፤ ለተመልካች ለምን እናለዝበዋለን?» ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። እናንተም ከመመረቃችሁ በፊት በዚህ ጉዳይ የየራሳችሁን አቋም ይዛችሁ እንድትገኙ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አሠሪያችሁ ስለ ወለል ንጣፍ እንጂ ስለዚህ አይጠይቃችሁም።

ስለማይታየው ነገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት ቅርሶች መካከል ታቦታት በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ታቦታቱ ለሕዝብ አይታዩም፤ ከካህናት በቀር የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። ታቦት ማን ሊያየው እንደሚገባ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተማሩት እነዚያ ባለሙያዎች ማሳየትን ትተዋል፤ መመለሱ ግን እስከ ዛሬ ክርክር ሆኖ ቀርቷል። እኛስ በአገራችን ስንሠራ በባለቤቶቹ ዘንድ እንዳይታይ የተከለከለ፣ ወይም በሴት ብቻ፣ ወይም በወንድ ብቻ የሚያዝ ዕቃ ሲገጥመን ባለቤቱን ጠይቀን እናውቃለንን? ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ምዝገባና ስለ ጥበቃ ይደነግጋል። አዋጁን ማንበብ ግዴታችሁ ነው። ባለቤቱን የመጠየቅ ልማድ ግን ከራሳችሁ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልግባ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ብርሃንን ተማሩ። ለብራና፣ ለጨርቅና ለውኃ ቀለም ሥዕል የሚፈቀደው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ያህል ነው፤ ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ያህል። በረፋዱ ፀሐይ ደጅ የሚወርደው ብርሃን ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ ስለሆነች ደግሞ፣ ዕቃን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት አይመለስም፤ በየቀኑም ይጠራቀማል። ስሙን በማልጠራው አንድ ቦታ፣ ባለ ሥዕል የብራና መጽሐፍ በመስኮት አጠገብ ለዓመታት በአንድ ገጽ ተገልጦ ተቀምጦ አይቻለሁ። ተከድነው የኖሩት ገጾች ቀለማቸው ትናንት የተቀባ ይመስል ነበር፤ ያ ለክብር የተገለጠው ገጽ ግን ደብዝዞ ጠርዙ ተጠቅልሎ ነበር። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መስኮቱን መጋረድና በየሦስት ወሩ ገጽ መግለጥ ብቻ ነው። የብርሃን መለኪያ መሣሪያ መግዛት ባትችሉ ተዋሱ፤ ሳትለኩ ግን «ደብዘዝ ያለ ነው» አትበሉ፤ ዓይን ጨለማውን ቶሎ ስለሚለምድ አይታመንም።

ሁለተኛው መግለጫ ጽሑፍ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየሙዚየሙ የሚያናድደኝ እርሱ ነውና። የውጭ መጻሕፍት ስለ ፊደል መጠን የሚሰጡት ልክ ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው። የእኛ ፊደል ጠባዩ ሌላ ነው። ‹ቡ›ንና ‹ቢ›ን የምትለየው አንዲት ቅጥያ ናት፤ እርስዋም በትንሽ መጠንና በደካማ ብርሃን ትጠፋለች። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ልዩነትም ስለሌለን፣ ርእስን ከሐተታ የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በክፍት ቦታ ብቻ ነው። በመስመሮች መካከል የሚተወው ቦታም ሰፋ ማለት አለበት። ስለዚህ ከመጽሐፍ የተገኘ ልክ ይዛችሁ ወደ አታሚ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ጽሑፉን በወረቀት አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉትና አንድ ሜትር ተኩል ርቃችሁ፣ በሚታይበት ብርሃን አንብቡት። ከዚያም መነጽር የሚያደርጉ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ ኑና እርሳቸውም ያንብቡት።

ስለ ቋንቋውም አንድ ቅሬታ አለኝ። አብዛኛው የአማርኛ መግለጫ ከእንግሊዝኛው የተተረጎመ መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። ጀበና ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ምን ይባላል? የአማርኛው አንባቢ ማወቅ የሚሻው ይህ ጀበና ከየት አገር እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራውና አንገቱ ለምን እንደ ረዘመ ነው። ሁለቱን ጽሑፎች ለሁለት አንባቢ ለየብቻ ጻፉ። አንድ መግለጫ ከ60 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። የጻፋችሁትንም ለእናታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ «ምን ለማለት ነው?» ካሉ ጽሑፉ ገና አልተጻፈም።

ስለ ትምህርት ቤት የገባሁትን ቃል ላክብር። ወደዚህ ሙያ የሚገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሌላ ሙያ በር ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዓይንንና እጅን ያሠለጥናል። የሥነ ሕንጻ ትምህርት ክፍተትንና ልኬትን ያስተምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂና የቅርስ አያያዝ ትምህርት ደግሞ ዕቃን ማንበብን ይሰጣል። አንዱን የተማረ ሰው ሁለቱን ሳይማር እንዳይቀር የምመክረው፣ ሌላውን በዲግሪ ባይሆን በአገልግሎት እንዲማረው ነው። ሠዓሊው ለአንድ ክረምት በሙዚየም መጋዘን ዕቃ በመመዝገብ ይሥራ፤ የቅርስ ተማሪው ለጥቂት ወራት በእንጨትና በብረት ሥራ ቤት ይዋል። የመስታወት ሣጥን ማጠፊያው ተሰብሮ ሲቆም ማን እንደሚጠገነው የማያውቅ ነዳፊ፣ ሥራው ከምረቃው ቀን ማግስት ጀምሮ መፍረስ ይጀምራል። በኮምፒዩተር መንደፍም ተማሩ፤ የካርቶን ሞዴል መሥራትን ግን አትተዉ፤ ኮሚቴ በስክሪን ያየውን ያጸድቅና በካርቶን ያየውን ይጠይቃል። ሥራ ይገኛል ወይ ለሚለው፣ በ2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም፣ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ መከፈታቸው ባለሙያ ፈላጊው እየበዛ መሆኑን ያሳያል። ከዚህ በላይ ተስፋ ልሰጣችሁ አልደፍርም።

በመጨረሻ የማነሣው መልመጃ ነው፤ ለዚህም የተሰበሰብንበት አያት ይበቃናል። ይህ ስፍራ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች፣ የግል ቤቶችና የባቡሩ የምሥራቅ መጨረሻ ጣቢያ ይታዩበታል። አንዲት ክፍል አግኙ፤ የኮንዶሚኒየም የስብሰባ አዳራሽ ወይም የትምህርት ቤት ክፍል ብትሆን ግድ የለም። ስለዚህ ሰፈር ከአሥር የማይበልጡ ዕቃዎች ሰብስባችሁ አሳዩ። እኔ ብሆን እነዚህን እሻ ነበር፦ ሞፈርና ቀንበር፤ የግንበኛ ቱንቢ፤ የ1997ቱ ወይም የ2005ቱ የቤት ተመዝጋቢ ማስረጃ፤ የቁጠባ ደብተር፤ የዕጣ ባለ ዕድሎች ስም የወጣበት ጋዜጣ፤ የቤት ቁልፍ፤ ውኃ በጠፋ ጊዜ አራተኛ ፎቅ የወጣ ጀሪካን፤ የባቡር ቲኬት።

አሁን ሥራው ይጀምራል። ከበሩ ትይዩ ቁልፉን ብቻውን በብርሃን ውስጥ ብታስቀምጡት፣ ዐውደ ርእዩ ዓመታት ቆጥቦ፣ ዓመታት ጠብቆ ቤት ያገኘ ቤተሰብ ታሪክ ይሆናል። እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ብዙ እናቶች ያለቀሱበት ቁልፍ ነው። በዚያው ቦታ ቀንበሩን ብታስቀምጡት ግን፣ የሚነገረው በዚሁ መሬት ላይ ያርስ የነበረውና የለቀቀው ገበሬ ታሪክ ይሆናል። ይህም እውነት ነው። ዕቃዎቹ ያው ናቸው፤ አንድ ቃል አልተለወጠም። ቀንበሩን ጥግ ላይ «የቀድሞ የእርሻ መሣሪያ» ብላችሁ ብትሰቅሉት ደግሞ ገበሬውን ጌጥ አድርጋችሁት ቀርታችኋል። እንደ ልማዳችን የሚሆነው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ማንንም አያስቆጣምና።

ስለዚህ ዕቃ ከመልቀማችሁ በፊት ሁለቱንም ፈልጉ። ዕጣ የወጣላቸውን እናት አነጋግሩ፤ ዕጣ ሳይወጣለት እስከ ዛሬ የሚጠብቀውን ተመዝጋቢ አነጋግሩ፤ መሬቱን ያርሱ የነበሩትንና ዛሬ በሌላ ሥራ የሚተዳደሩትን አባት ካሉበት ድረሱና፣ ቀንበሩ የት ቢቆም ደስ እንደሚላቸው ጠይቁአቸው። «አላውስም» ሊሉ ይችላሉ። እንዲያ ቢሉ ቦታውን ባዶ ትታችሁ ለምን ባዶ እንደሆነ በእርሳቸው ፈቃድ ጻፉበት። ከገበያ የተገዛ ሌላ ቀንበር አምጥታችሁ አትተኩበት።

ላዋሳችሁ ሰው ሁሉ ደረሰኝ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ የዕቃው ዓይነት፣ ስንጥቁና ጭረቱ፣ የተወሰደበትና የሚመለስበት ቀን ተጽፎበት፣ ፎቶግራፉ ተያይዞ፣ አንዱ በባለቤቱ እጅ ይቅር። ዐውደ ርእዩ በተዘጋ ማግስት ዕቃውን ራሳችሁ ተሸክማችሁ መልሱ፤ ባለቤቱ ሣጥኑን ከፍቶ አይቶ እስኪፈርም ድረስም ቆሙ። ክፍሉን ለክታችሁ፣ የካርቶን ሞዴሉን ሠርታችሁ የምታመጡልኝን ሁሉ ለማየት ፈቃደኛ ነኝ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።